ሌላ መድኃኒት እንዳትሰጪ

ልጄ የተወለደች ቀን አዋላጇ ነርስ ፎጣውን ገልጣ ፊቷን አየች። «እንኳን ደስ አለሽ» ያለችኝ ቆይታ ነው። ከዚያ ወጥታ ዶክተር ይዛ ተመለሰች። ዶክተሩ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ልጄ ዳውን ሲንድረም ከሚባል ነገር ጋር እንደተወለደች፣ ልቧም ውስጥ ክፍተት ሳይኖር እንደማይቀር በዝግታ ነገረኝ። ወር ሳይሞላት ደግሞ አንገቷ ውስጥ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ በሚገባ እንደማትሠራ በደም ምርመራ ታወቀ። ለልቧ ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ለዕጢዋ ደግሞ በየማለዳው ተፈጭታ በውኃ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ታዘዘላት።

ሐዋሳ ውስጥ ለልጄ የሚያስፈልገው ሐኪም ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ችግሩ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነበር። የልብ ክትትሏ ማክሰኞ ነው። የዕጢዋ ዓርብ፣ እሱም በየሦስት ወሩ። ጆሮዋን የሚያዩላት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒ ሐሙስ ሐሙስ፣ ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ማዕከል። እያንዳንዱ የራሱ ካርድ፣ የራሱ ሰልፍ፣ የራሱ ጥያቄ ነበረው። አንዱ ጋ የተባለውን ለሌላው የምነግረው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መጻፍ እችላለሁ እንጂ ሐኪሞች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግማሹ አይገባኝም። ያልገባኝን ስጠይቅ ከኋላዬ የተሰለፉት እናቶች ትንፋሽ ይሰማኝና አፍሬ እወጣለሁ።

ቢሆንም ልጄ አደገች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ተደግፋ መቀመጥ፣ ከዚያም ሳትደገፍ መቀመጥ ቻለች። ቤታችን ታቦር ዳገቱ ላይ ነው፤ ከታች ባጃጅ ሲያቃስት በሰማች ቁጥር «ባ! ባ!» እያለች በሩን ታሳየናለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ሲነሡ ከሁሉም ቀድማ የምታጨበጭበው እሷ ናት፤ ዝማሬው ካለቀም በኋላ አታቆምም። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከከተማው ዳር ከቱላ እየመጡ እኔ ሥራ ስውል ይይዙልኝ ነበር። የሚያናግሯት በሲዳምኛ ነው። እኔ በአማርኛ ስጠራት ዞር የማትል ልጅ ለእሳቸው ቃል ትስቃለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት ሲል በሆዷ መጎተት ጀመረች። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃታል፤ እሷ እስክትደርስበት ድረስ አይነሣም።

ያ ማክሰኞ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

ጉንፋን ይዟት ስለነበር ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዝቼ ሰጥቻት ነበር። የልብ ክትትሉ ላይ የነበረው ዶክተር አዲስ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ዓይኑ በድካም የቀላ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ደረቷን አዳመጠ፤ የሽሮፑን ነገር ስነግረው ደነገጠ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ስሚኝ እናት፤ ይኼ ልቧን ያስቸግራል። ከዚህ ከጻፍኩልሽ ውጪ ሌላ መድኃኒት እንዳትሰጪ። ምንም።»

«ምንም?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ፤ ቀጣዩም ሰው ተጠራ።

እቤት ገብቼ ቁም ሣጥኑ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አየሁ። እሱ የጻፋቸው ሁለቱ የልቧ ናቸው። ትንሿ ነጭ ክኒን የእሱ ወረቀት ላይ የለችም። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት በነበረው ዓርብ የዕጢዋን ቀጠሮ ይዤ ስሄድ ሐኪሟ ለተጨማሪ ትምህርት እንደሄደ፣ ሌላ ሰው ሲመደብ ስልክ እንደሚደወልልኝ ካርድ ክፍል ነግረውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ ጠብቂ ነው ያሉኝ፤ ኋላም የደወለልኝ የለም። ማንን ልጠይቅ? የልብ ነገር ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። ክኒኗን ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ በማግሥቱ ማለዳ ማንኪያውን አጥቶ ሲጠይቀኝ ዶክተሩ ከለከለ አልኩት። ዶክተር ካለማ፣ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እንዴት አላወቅሽም?» ነው። መጀመሪያ ላይ የመጣው ለውጥ ክፉ አይመስልም ነበር። ዝም አለች። እንቅልፏ ረዘመ። ጎረቤቶቻችን ልጅቷ አደብ ገዛች አሉኝ፤ እኔም ሳልደሰት አልቀረሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ አጥቤ የምጨርስበት ሰዓት አግኝቻለሁና። ከዚያ ሆዷ መድረቅ ጀመረ። ድምጿ ጎረነነ። ቆዳዋ እንደ አሮጊት ቆዳ ሻከረ። እግሯን ስነካው ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እንኳ ይቀዘቅዛል። ባጃጅ ሲያልፍ ዓይኗን ብቻ ታዞራለች፤ ቆይቶ ደግሞ እሱንም ተወችው።

ለልቧ ዶክተር ትተኛለች፣ ትደክማለች ብዬ ነግሬዋለሁ። የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች እንደሚደክማቸው አስረድቶኝ የሚያሸናትን መድኃኒት መጠን ከፍ አደረገ። ጆሮዋን የሚያዩት ዘንድ ስትጠራ አትዞርም አልኩ፤ ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ከዚያ ይሆናል አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስወጣ አንዲት ትልቅ ሴት ትከሻዬን ይዘው፣ እንዲህ ሆነው የተወለዱ ልጆች ተፈጥሯቸው ነው፣ ራስሽን አታስጨንቂ አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። ግን ይህን ቃል ከሐኪሙም፣ ከጎረቤትም፣ በመጨረሻም ከራሴ አፍ ሰማሁት። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሰዓት ወለሉ ላይ ተኝቶ ሲጠብቃት፣ እሷም ባስቀመጥናት ቦታ ሆና ሳትንቀሳቀስ ስታየው፣ «ተፈጥሮዋ ነው» አልኩት። ተነሥቶ ሱሪውን አራግፎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ወለሉ ላይ አልተኛም።

ነገሩን ያየ አንድ ሰው ነበር። ፊዚዮቴራፒ የሚሠሩላት ሰውዬ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ አማርኛቸው የሲዳማ ለዛ ያለው ናቸው። ከሐኪሞቿ ሁሉ ልጄን በየሳምንቱ በእጃቸው የሚይዟት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ሐሙስ ምንጣፉ ላይ አስቀምጠዋት እጃቸውን ሲለቁ እንደ ጆንያ ወደ ጎን ተዘረረች። እንደገና አስቀመጧት፤ እንደገና ወደቀች።

«ይህቺ ልጅ ወደ ኋላ እየሄደች ነው» አሉኝ። «ምን የተለወጠ ነገር አለ?»

ምንም አልኳቸው። ስላልዋሸሁ ነው ዛሬም ድረስ የሚያቃጥለኝ። ከልቤ ምንም አልተለወጠም ብዬ አምን ነበር፤ ሐኪም የከለከለውን ማቆም ለውጥ አልመሰለኝም። ወረቀቶቿን ሁሉ፣ ከተወለደች ጀምሮ ያሉትን ሳይቀር፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልሄድኩም። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በዚያ ወር ስንት ጊዜ ፈቃድ እንደወሰድኩ አስታውሶኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ስብሰባ ነበረና ቀረሁ። በተከታዩ ሐሙስ ደግሞ ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች።

ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ዳገታችንን አጨቅይቶት ባጃጅ እስከ ቤታችን አልወጣ አለ። በጠዋት ሳነሣት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ወተቱን አፏ ውስጥ ይዛ አልውጥ አለች። በጋቢ ጠቅልያት ጭቃውን ወረድኩ፤ ባለቤቴ ከፊቴ እየሄደ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞኛል። ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አደረጉላት። ተረኛው ሐኪም እየጻፈ ጠየቀኝ። የልብ ክፍተት አለባት አልኩ። ሁለቱን መድኃኒቶች በስማቸው ጠራሁ።

«ሌላ የምትወስደው አለ?»

«ሌላ የለም» አልኩት። ይህንንም ስል አልዋሸሁም።

የሳንባ ምች ነው ተባለና ተኛች። ሁለት ቀን መድኃኒት በደም ሥሯ ወረደላት፤ ለውጥ የለም። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። የልብ ምቷ እንደዚያ ለታመመ ሕፃን ቀርፋፋ እንደሆነ ነርሶቹ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የልብ ክፍሉ ሰዎች መጥተው አይተው፣ ልቧ ያን ያህል አልከፋም፣ ነገሩ ከሳንባዋ ነው ብለው ጽፈው ሄዱ። የሕፃናት ክፍሉ ደግሞ ሳንባዋ ጸድቷል፣ ከልቧ ይሆናል አሉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው የለም። ሁለቱም የጻፉት ወረቀት አልጋዋ እግርጌ ተንጠልጥሏል፤ እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜአለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ሬዚደንት፣ በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ሐኪም፣ ኮሪደር ላይ እጁን ይዤ፣ እባካችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ እዩልኝ ብዬ ለመንኩት። ለበላዩ ለሲኒየሩ ሐኪም እንደሚነግር ነገረኝ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ሌሎች ብዙ አልጋዎች ብቻ ነበሩ።

ያን ቀን ከሰዓት መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለው መስኮት ቆሜ ጸለይኩ። ለሦስት ቀን የጸለይኩት አድናት ብዬ ነው። ያኔ ግን «ወይ አድናት፣ ወይ ውሰዳት» አልኩ። ሁለተኛውን ከልቤ ነበር ያልኩት። ደክሞኝ ነበር። አየር ለመሳብ ስትታገል ከማይ ብትሄድልኝ ብዬ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳ።

ፊዚዮቴራፒስቱ የመጡት በማግሥቱ ነው። ሁለት ሐሙስ ስንቀር ባለቤቴ ዘንድ ደውለው የሆነውን ሰምተዋል። ነጭ ጋዋናቸውን እንኳ አልለበሱም፤ እንደ ጠያቂ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ነበር የመጡት። እግሯን ዳበስ ዳበስ አድርገው ቀና አሉ፤ ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ባለቤቴ ቤት ሄዶ ሁሉንም በአሮጌ የላፕቶፕ ቦርሳ ይዞ መጣ። ሰውዬው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወረቀቶቹን በቀን በቀን ደረደሯቸው፤ ቦታ ሲጠባቸው የልጄን እግር በቀስታ ወደ ዳር ገፋ አደረጉ። ከመካከላቸው አንዷን አንሥተው ረጅም ሰዓት አነበቧት።

«ይቺ የታይሮይድ መድኃኒት የት ደረሰች?»

«ቆማለች» አልኳቸው።

«ማን አቆማት?»

«የልቡ ዶክተር። ሌላ እንዳትሰጪ አለኝ።»

«ይህችን መድኃኒት እንደምትወስድ ያውቅ ነበር?»

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት አየሁት። ማክሰኞን፣ ሽሮፑን፣ የዶክተሩን የቀላ ዓይን። ስለ ክኒኗ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ባለቤቴ በአልጋው ማዶ ቆሞ ነበር። «አራት ወር ሙሉ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ከዚህ በላይ አላናገረኝም።

ሰውዬው ወረቀቷን ይዘው ወጡ። ሲመለሱ አንዲት የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም አብራቸው ነበረች፤ ጠና ያለች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት። ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ምላሷን፣ ቆዳዋን፣ ያበጠውን የዓይኗን ቆብ። ስልኳን አውጥታ የልቡን ዶክተር ጠራችው። ሮጦ መጣ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ሦስት ባለሙያ በአንድ ጊዜ አልጋዋን ከብቦ ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነበር። ደም እንዲወሰድ ተደረገ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን አልጠበቁም። ልቧ እንዳይጨነቅ ክኒኗን በትንሽ መጠን እንጀምር አለ የልቡ ዶክተር፤ በዚያው ተስማሙ። ወረቀቷን አገላብጦ እያየ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ያልኩት የመድኃኒት ቤቱን ሽሮፕና የመሳሰለውን ነበር» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ግን ይህን ትወስዳለች ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሐኪሟ ደግሞ የደሙ ውጤት ነገሩ ከዕጢዋ መሆኑን ካሳየ በኋላ ለብቻዬ ጠርታ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አለችኝ። ደግ ልብ ነበራት። እኔ ግን ክኒኗን በእጄ አንሥቼ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ይህን የሚያነሣልኝ ቃል አላገኘሁም።

ቶሎ አልተሻላትም። መጀመሪያ እግሯ ሞቀ። ከሳምንት በኋላ አለቀሰች፤ ጎርነን ያለ ለቅሶ ነው፣ ግን ለቅሶ ነው። ከኦክስጅን ወጥታ ቤት የገባነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነበር። አማቴ ቤት ውስጥ ጠበቁን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ልጅቷን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

«እኔም እጄ ያውቅ ነበር» አሉ። «ስምንት ልጅ አሳድጌአለሁ። ይህ ብርድ ልክ አይደለም ብዬ አስቤአለሁ። ዶክተሮቹ እያዩዋት እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴም ያን ዕለት አጠገቤ ተቀመጠ። ማለዳ ማለዳ ክኒኗን የሚፈጨው ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ነው።

ሐኪሟ ነገሩን በዚያ አልተወችውም። ልጄን ለመሳሰሉ፣ ሁለትና ሦስት ክፍል ለሚመላለሱ ልጆች በወር አንድ ረቡዕ ከሰዓት በፊት አንድ ክፍል አስፈቀደች። የልቡ ዶክተር ይመጣል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ከማዕከላቸው ይመጣሉ፤ የጆሮው ሰው ሲመቸው ብቅ ይላል። ልጄ አንድ ገጽ ወረቀት ወጣላት፤ ምን እንዳለባት፣ ምን እንደምትወስድ፣ የትኛው መድኃኒት ያለ ማን ፈቃድ እንደማይቆም። ቅጹን በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ በእጇ ጽፋ ሰጥታኝ በምሳ ሰዓቴ ነው የሠራሁት። የልቡ ዶክተር አንድ ጥያቄ አስጨምሮበታል፤ «በቅርቡ ያቆመችው መድኃኒት አለ?» የሚል። መጀመሪያ ቀን ሦስት እናቶች ነበርን። አሁን ወንበሩ አይበቃም። አንዷ እናት ከሩቅ ገጠር ነው የምትመጣው፤ አማርኛ ስለማትሰማ ፊዚዮቴራፒስቱ ወረቀቷን በሲዳምኛ ያነቡላታል፤ እሷም መልሳ እንድትነግራቸው ያደርጋሉ። በትክክል እስክትል ድረስ አይለቋትም።

ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ለልጄ ዘግይቶ መጣ። የልቧን ክፍተት ለሚዘጋ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የተጻፈላት ሪፈር የታመመች ጊዜ ተይዞ ቆይቶ ነበር፤ ይዘናት ስንሄድ ልቧን በአልትራሳውንድ አዩና ወደ ሳንባዋ የሚሄደው የደም ግፊት ከፍ ብሏል፣ ቀዶ ሕክምናው ይጠቅማት ወይ ይጎዳት ለመወሰን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል አሉን። ወረፋ ያዝን። እስካሁን ወረፋ ላይ ነን። ልጄ አራት ዓመት ሆኗታል። ትቀመጣለች። ታጨበጭባለች፤ አንዳንዴ። መጎተት አልተመለሰላትም፤ «ባ» የምትለዋንም እስካሁን መልሼ አልሰማኋትም። ከዚህ ውስጥ የትኛው በእነዚያ አራት ወራት እንደጠፋ፣ የትኛው ደግሞ ያለዚያም ሊሆን ይችል እንደነበር ሐኪሟን ጠይቄአት ነበር።

«አላውቅም» አለችኝ። «አውቃለሁ ብልሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው።»

ባለፈው ረቡዕ ሐኪሟ ወደ ሌላ ከተማ እንደምትዛወር ነገረችን። ባለቤቷ የሚሠራው እዚያ ነው። ከእሷ በኋላ ይህን ረቡዕ ማን እንደሚይዘው ጠየቅኳት። ለአለቆቹ ጽፌአለሁ፣ እስካሁን ግን የተመደበ ሰው የለም አለች። የልቡ ዶክተር መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እኔ ብመጣም ብቻዬን አልችለውም አለ፤ እውነቱን ነው፤ ማክሰኞ ያለውን ሰልፍ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወጥቼ ቢሮ ገባሁ። የልጄን ገጽ ከፍቼ የመድኃኒቶቹን መጠን ከአዲሱ ትእዛዝ ጋር እያስተያየሁ ሁለት ጊዜ አረምኩት። አትሜ አንዱን ለባለቤቴ፣ አንዱን ለአማቴ ለየሁ፤ እሳቸው ማንበብ ባይችሉም ለሚያነብ ሰው እንዲያሳዩ ነው። ከዚያ ተቀምጬ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። በሥራዬ ብዙ ማመልከቻ ጽፌ አውቃለሁ፤ ይህኛው ግን «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚለው አላልፍ አለኝ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኃላፊዬ በሩን ከፍቶ ለከሰዓቱ ስብሰባ የተዘጋጀ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩት። ፊቴን አይቶ በሩን መልሶ ዘጋው።